በብሽሽት ላይ ወጥቶ አልለቅ ስለሚል ሽፍታ የተደረገ ዲስኩር



ለኀፍረተ ሥጋ ጎረቤት በሆነ ስፍራ ስለሚወጣ ደዌ በአደባባይ እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ብሽሽት ላብ የሚታቆርበት፣ ቆዳም ከቆዳ የሚፋተግበት ስፍራ በመሆኑ፣ በዚያ የሚወጣው ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ሕዝባችን ጭርት የሚለው፣ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ የሚቀላና የሚቀረፍ፣ መካከሉ ግን ጠራ የሚል የፈንገስ ሕመም ነው። ወደ ሕክምናው ከመግባቴ በፊት ግን ብዙ ዘመን ስላሳሰበኝ ስለ አንድ ቅባት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ሕመሙን ከባለቤቱ እንኳ ሰውሮ ስምንት ወር ከኖረ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ይኸ ባይኖር ኖሮ አብጄ ነበር» እያለ ተጨምቆ ያለቀ ቱቦ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ቱቦው ቤታሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ቅባት ነበር። በቀባው ማግሥት ማሳከኩ ይታገሣል፣ ቅላቱም ይደበዝዛል፤ ባቆመ በጥቂት ቀን ግን ሽፍታው ወደ ጭኑና ወደ መቀመጫው ሰፍቶ ይመለሳል፤ እርሱም ባለውለታዬ ወዳለው ቱቦ ይመለሳል። ማሳከክና መቅላት ሰውነት ባዕዱን ሲዋጋ የሚታዩ ምልክቶች ናቸውና፣ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ዘበኛውን አስተኝቶ ሌባውን በቤቱ ውስጥ እንደሚተው ነው። ከዚያ ሰው ቆዳ ጥቂት ቅርፊት ፍቄ፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርሼ በማይክሮስኮፕ ባየሁ ጊዜ፣ የፈንገሱ ክር እንደ ጥጥ ፈትል ተጠላልፎ ሞልቶ ነበር፤ በውጭ የሚታየው ጠርዝ ግን ስለ ጠፋ ጭርት ነው ብሎ የሚጠረጥር አልተገኘም። አይቭና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች በ1968 እ.ኤ.አ. ይህን መልኩን የሰወረ ጭርት «ቲኒያ ኢንኮግኒቶ» ብለው ሰየሙት። ዘወትር መቀባቱም ለስላሳውን የብሽሽት ቆዳ ያሳሳዋል፣ ዘመን የማይሽረው ሸንተረርም ይተዋል። ዛሬ ደግሞ ከደቡብ እስያ የተዛመተ፣ ተርቢናፊን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት እስከ መቋቋም የደረሰ የፈንገስ ዝርያ ስላለ፣ ስቴሮይድን ከፈንገስ መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ መቀባት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈራኛል።

ሰዓቱ ስለ ገፋ የተጠራሁበትን ጉዳይ በአጭሩ ልናገር። ክሎትሪማዞል የተባለው የፈንገስ ቅባት በቀን 2 ጊዜ እስከ 4 ሳምንት፣ ከሽፍታው ጠርዝ ጥቂት አልፎ ይቀባል፤ ማሳከኩ ስለ ተወ አይቋረጥም። ከታጠቡ በኋላ በሚገባ ማድረቅ፣ ፎጣ አለመዋዋስ፣ የእግር ጣቶችንም መመርመር ይገባል፤ ፈንገሱ ብዙ ጊዜ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ ነውና፣ ካልሲን ከውስጥ ሱሪ አስቀድሞ መልበስ ይጠቅማል። የብሽሽት ሽፍታ ሁሉ ጭርት አይደለም፤ ዉድ በሚባለው የምርመራ መብራት ሲታይ እንደ ቀይ ዛጎል የሚያበራው ኤሪትራስማ የባክቴሪያ ሥራ ነው፣ ስኳር ያለበትን ሰው ካንዲዳ የተባለ ሌላ ፈንገስ ያጠቃዋል፣ እከክና ሶርያሲስም በዚያው ስፍራ ይወጣሉ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ያልተሻለው ሰው መመርመር አለበት።

አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ስትቀቡት የኖራችሁትን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀም ቢሆን አትጣሉት፣ ከማን እንደ ተቀበላችሁትም አትደብቁ።