ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ በሕመም ወይም በጉዞ ምክንያት ከሥራው ሲለይ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ደብዳቤው በማን ፊርማ ይውጣ?» የሚል ነው። በጽሑፍ የተወከለ ሰው ካለ ጉዳዩ ያልቃል፤ ከሌለ ግን ባለጉዳዩ ደጅ ሲጠና ይሰነብታል። ይህ በአንድ ክፍል ሲደርስ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ጥያቄው በአንድ ታላቅ መንግሥት ራስ ላይ የተነሣ እንደ ሆነ የጦርና የሰላም ነገር ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የፕሬዚዳንቱና የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ፥ ይልቁንም አንዱ ሲጎድል ሌላው እንዴት እንደሚተካው እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ከሕገ መንግሥቱ እንነሣ። በ1787 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ የተጻፈው ሕገ መንግሥት የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን ለአንድ ሰው፥ ለፕሬዚዳንቱ፥ ሰጥቶታል። ፕሬዚዳንቱ ለ4 ዓመት ይመረጣል፤ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ ሚኒስትሮችንና አምባሳደሮችን በሴኔቱ ፈቃድ ይሾማል፤ ኮንግሬስ የወሰነውንም ሕግ ሊፈርምበት ወይም ሊመልሰው ይችላል። የተመለሰው ሕግ የሚጸናው ሁለቱ ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደገና ሲወስኑት ብቻ ነው።

ለምክትሉ ግን ሕገ መንግሥቱ የሰጠው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። የሴኔቱ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም የአባሎቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል ብቻ ነው። የቀረው ሥራው መጠባበቅ ነው። የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ፥ ሹመታቸው ምን ያህል ፋይዳ ያጣ እንደ ሆነ ለባለቤታቸው በጻፉት ደብዳቤ አማርረዋል። ከዚያ ወዲህ በወጣ ሕግ ምክትሉ የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት አባል ሆኗል፤ ነገር ግን የሥራው ብዛትና ማነስ ዞሮ ዞሮ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ የተመሠረተ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ቢሞት፥ ቢሻር፥ ሥራውን ቢለቅ ወይም መሥራት ቢሳነው ነገሩ ወደ ምክትሉ እንዲተላለፍ ሕገ መንግሥቱ ከመጀመሪያው ደንግጓል። ይሁን እንጂ የሚተላለፈው ሹመቱ ራሱ ነው ወይስ ሥራው ብቻ? ይህን በግልጥ አልተናገረም። በ1841 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በተሾሙ በወሩ ሲሞቱ ጥያቄው በተግባር መጣ። ምክትላቸው ጆን ታይለር ቃለ መሐላ ፈጽመው «ሙሉ ፕሬዚዳንት ነኝ» አሉ። «ለተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተጻፈላቸውንም ደብዳቤ ሳይከፍቱ ይመልሱት ነበር። ነገሩ የኩራት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ የሚያጠራጥር ሰው ትእዛዙም እንደሚያጠራጥር ታይለር ዐውቀው ነበር። ያደረጉትም ልማድ ሆኖ ጸና።

ይኸው ልማድ ግን ሌላ ችግር ወለደ። ምክትሉ ሥራውን በያዘ ጊዜ ፈጽሞ ፕሬዚዳንት የሚሆን ከሆነ፥ ፕሬዚዳንቱ ታሞ ቢድን ወደ ወንበሩ በምን ይመለሳል? በ1881 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመተው እስኪሞቱ ድረስ 79 ቀን በአልጋ ላይ ቆዩ። ምክትላቸው ቼስተር አርተር ግን በሕይወት ያለ ሰው ሥልጣን ቀማ እንዳይባሉ በመፍራት ሥራውን አልያዙም። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ በፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ላይ ድንገተኛ የአንጎል በሽታ ወድቆ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ዘመናቸው እስኪፈጸም አንድ ዓመት ከ5 ወር ያህል ቀርቶ ነበር። የሕመማቸው ክብደት ለሕዝቡ አልተነገረም፤ ወደ መኝታ ቤታቸው የሚገባውንና የማይገባውን ወረቀት የሚለዩት ባለቤታቸው ነበሩ። ምክትላቸው ቶማስ ማርሻል ግን በዳር ሆነው ከመመልከት በቀር ያደረጉት ነገር የለም። አርተርም ሆኑ ማርሻል ቢታሙ በመስነፍ አይደለም፤ መግቢያውን እንጂ መውጫውን የሚያሳይ ሕግ ስላልነበራቸው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ምክትሉ ከምስጢር መራቁ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በኤፕሪል 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ሲሞቱ ሃሪ ትሩማን ምክትል ከሆኑ ገና 82 ቀናቸው ነበር። ዓለም በጦርነት እየነደደች ሳለ፥ ስለ አቶሚክ ቦምብ ሥራ በዝርዝር የተነገራቸው ሥልጣኑን ከያዙ ከ13 ቀን በኋላ ነው። በቦምቡ ነገር የመወሰን ኃላፊነት ግን አራት ወር ሳይሞላ በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

በኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዓ.ም. ጆን ኬኔዲ በዳላስ ከተማ ሲገደሉ ምክትላቸው ሊንደን ጆንሰን በዚያው ዕለት በአውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ዳሩ ግን የምክትሉ ወንበር 14 ወር ያህል ባዶውን ቀረ፤ የሚሞላበት ሕግ አልነበረምና። ከዚህ በኋላ «ሳይቃጠል በቅጠል» ተብሎ፥ 25ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተረቅቆ በ1967 ዓ.ም. ጸደቀ።

ማሻሻያው አራት ነገር ወስኗል። አንደኛ፥ ፕሬዚዳንቱ ቢሞት፥ ቢሻር ወይም ቢለቅ ምክትሉ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ሁለተኛ፥ የምክትሉ ቦታ ሲጎድል ፕሬዚዳንቱ አጭቶ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ያጸድቁለታል። ሦስተኛ፥ ፕሬዚዳንቱ ራሱ «ሥራዬን ለመፈጸም አልችልም» ብሎ ሲጽፍ ምክትሉ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ «ችያለሁ» ብሎ ሲጽፍ ሥልጣኑ ይመለስለታል። አራተኛ፥ ፕሬዚዳንቱ መጻፍ ቢሳነው ወይም ባይፈቅድ፥ ምክትሉና የሚኒስትሮቹ አብላጫ ቁጥር አለመቻሉን ለምክር ቤቶቹ በጽሑፍ ያስታውቃሉ። ፕሬዚዳንቱ ቢከራከርና እነርሱ በቃላቸው ቢጸኑ፥ ከሥራው ተለይቶ የሚቆየው ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲወስኑበት ብቻ ነው። ይህ አራተኛው ክፍል ከ1967 እስከ 2024 ዓ.ም. ድረስ አንድም ጊዜ አልተሠራበትም።

ሕጉ ግን ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። በ1973 ዓ.ም. ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒው በግብር ወንጀል ተከሰው ሥራቸውን ለቀቁ፤ በቦታቸውም ጄራልድ ፎርድ ተተኩ። በኦገስት 9 ቀን 1974 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ነገር የተነሣ፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለውን የስንብት ደብዳቤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ልከው ሄዱ። ፎርድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ኔልሰን ሮክፌለርም ምክትል ተደረጉ። በዚህ ምክንያት አገሪቱ ሁለቱም በሕዝብ ምርጫ ወደ ወንበራቸው ባልመጡ ሰዎች ተመራች። ሆኖም ጦሩ ከሰፈሩ አልተነቃነቀም፤ መሥሪያ ቤቶችም አልተዘጉም።

ሦስተኛውም ክፍል በጸጥታ ሥራውን ይሠራል። በኖቬምበር 19 ቀን 2021 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ለሕክምና ምርመራ ማደንዘዣ ሲወስዱ ሥልጣናቸውን በደብዳቤ ለምክትላቸው ለካማላ ሃሪስ አስተላለፉ፤ ከ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በኋላም በሌላ ደብዳቤ ተረከቡ። በአሜሪካ ታሪክ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የያዘች የመጀመሪያይቱ ሴት በዚያች አጭር ሰዓት ታየች። ዊልሰን በታመሙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ያልተገኘው መፍትሔ እነሆ በሁለት ወረቀት ተፈጸመ።

አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህ ነው። ሰው ይታመማል፥ ይሞታል፤ ሥራው ግን አይታመምም፥ አይሞትምም። ስለዚህ ተጠባባቂው ሥራውን አስቀድሞ ይወቅ፤ ውክልናው በጽሑፍ ይሁን፤ ባለሥልጣኑ ሲመለስ የሚገባበትም በር ክፍት ይሁን። ይህ በታላቅ ቤተ መንግሥት እውነት ከሆነ፥ በአንዲት ትንሽ የጽሕፈት ክፍልም እውነት ነው።