መጽሐፍ የጫነች አህያ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ የቀረበ ንግግር)





አህያ ለገበሬ እንግዳ አይደለችም። እህል ትጭናለች፣ ውኃ ታመላልሳለች። በአዋሳ ግን ሌላ ጭነት ይዛ ታይታለች። የመጽሐፍ መደርደሪያ የተሠራለት ጋሪ እየጎተተች፣ ቤተ መጻሕፍት ወደሌላቸው መንደሮች የልጆች መጻሕፍት ታደርስ ነበር። ጋሪው ሲከፈት ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠው ያነባሉ።

የዚህ ሥራ ጀማሪ የነገሌ ቦረና ተወላጅ የሆኑት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር። በስደት አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ቋንቋ ባለበት መደርደሪያ ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ። በ1990 ዓ.ም. ማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ በመኖሪያ ቤታቸው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ሲኤንኤን ከመረጣቸው አሥር ጀግኖች አንዱ ሆነዋል።

ከዚህ ሥራ ሦስት ትምህርት ይገኛል።

አንደኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከውጭ በእርዳታ የሚመጣው መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሥዕሉን ያያል እንጂ ታሪኩን አያገኘውም። አቶ ዮሐንስም ይህን ተረድተው አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የያዘ ባለ ቀለም የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅትም በአገር ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል፣ በገጠር የማኅበረሰብ ንባብ ቤቶችን ይደግፋል። በኮልፌ ቀራኒዮ በየቤቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛና ስልጢኛ ይነገራል። ለአካባቢው ያልተስማማ ዘር እንደማይበቅል ሁሉ፣ መጽሐፍም ለልጁ ቋንቋ መስማማት አለበት።

ሁለተኛው፣ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተሞች በተካሄደ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው ይህ የሆነው። ልጅ ጎን ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ወላጅም ሥዕሉን እያሳየ ታሪኩን በቃሉ መተረክ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ነው። የውጭ እርዳታ አንድ ቀን ይቆማል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ፣ በእርሱ ገንዘብ ይካሄድ የነበረ የንባብ ሥራ ባለቤት አጥቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ባለቤቱ አባሉ ነው፤ ለጋሹ ሲሄድ አብሮ አይሄድም። ትምህርት መስጠትና ለአካባቢው ማኅበረሰብ ማሰብም ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሁለቱ ናቸው።

«ትርፉ ለመኖና ለማዳበሪያ እንኳ አልበቃ» የሚል አባል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መጠን የማያነብ ሰው ሰብሉንም ጤናውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ደረሰኙን የማያነብ አባል በሰው ዓይን ይነግዳል። የማኅበሩን ደንብ ነገ የሚያነቡትና ኮሚቴውን የሚቆጣጠሩት የዛሬ ሕፃናት ናቸው።

የሚጠየቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። የወተት መሰብሰቢያ ወይም የግብዓት መሸጫ ያለው ማኅበር አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ የውሰት መዝገብና አንድ ኃላፊ ይበቃዋል። ወጪውን ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ ያጽድቀው፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ይመርምረው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም መጽሐፍ በመምረጥና አንባቢ በማሠልጠን ያግዙ። የተቀደደ መጽሐፍ ሲገኝ ማንም አይቆጣ። ተቆልፎበት ንጹሕ ሆኖ ከሚቀመጥ ተነቦ ቢያልቅ ይሻላል።

አባቶችና እናቶች «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» እያሉ አድገዋል። በረቱ እየጠበበ፣ ማሳው ቤት እየተሠራበት ባለበት በዚህ አካባቢ ለልጅ የሚተላለፈው መሬት አንሷል። ማንበብ ግን ካሳ ተከፍሎበት የማይወሰድ ውርስ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!