ስም እንደ ዳኝነት፦ የመኪና ቅርጽና የተመልካቹ ዓይን



የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና መልክ ነው። ርእሱ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የቀለለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ ሱፐርካር ይፋ በሆነ ቁጥር አፍቃሪዎቹ የሚገጥሙት ክርክር አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ቅርጽን ማን፣ ከየት ቆሞ፣ በምን መለኪያ ይዳኘው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለእኛም ጎዳና ቅርብ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ፌራሪ ኤፍ 80 የተባለውን መኪና ለዓለም አሳየ። 799 ብቻ እንዲመረት የተወሰነ፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው። ከአፍቃሪዎቹ አንዳንዶቹ የሞተሩ ሲሊንደሮች ከ12 ወደ 6 መውረዳቸውን ሲቃወሙ፣ ሌሎች በፊቱ ላይ ተከራከሩ። መብራቶቹን ደብቆ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ጥቁር ንጣፍ ለአንዱ ድፍረት፣ ለሌላው ዓይን የሚሰውር ጭምብል ሆነበት። ተቃዋሚው አዲሱን ቅርጽ የሚለካው በልጅነቱ ግድግዳ ላይ በለጠፈው የቀድሞ መኪና ነው፤ ደጋፊው ደግሞ ገና ባልታየው ነገ። ሁለቱም ግን የሚፈርዱት ከአንድ ስፍራ፣ ከተመልካች ወንበር ሆነው ነው።

የተመልካች ዳኝነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ላምቦርጊኒ ካውንታሽ ምስክር ነው። የበርቶኔው ንድፍ አውጪ ማርቼሎ ጋንዲኒ የሣለው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1971 በጄኔቫ ሲቀርብ እንደ ሽብልቅ የሾለ አካሉ ብዙዎችን አስደነቀ። ስሙ ራሱ በሰሜን ጣሊያን የፒየሞንቴ ቀበልኛ የአድናቆት ቃል ነው። የተመልካቹ ቃለ አጋኖ የመኪናው መጠሪያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ያንኑ መኪና ወደ ኋላ ለመንዳት የፈለገ ሰው ግን ከኋላው ያለውን ማየት ስለሚቸግረው በሩን ወደ ላይ ከፍቶ በደፉ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ማስገግ ነበረበት። ከውጭ ሆኖ ያየው አደነቀ፤ ከውስጥ የተቀመጠው ተቸገረ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ሱፐርካር በመንገዳችን ብርቅ ነው፤ ስለ መኪና ቅርጽ የሚሰጥ ሕዝባዊ አስተያየት ግን ሞልቷል። የእኛ ሰው አስተያየቱን የሚሰጠው ስም በማውጣት ነው። የባሕር በር በሌለው ሀገር አንዱን ሚኒባስ «ዶልፊን» ያለው ሰው የንድፍ ሐያሲ ነው። «ቅጥቅጥ» የሚለው ስም የብረት ቀጥቃጩን እጅ ያስታውሳል። ተሳፋሪዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበትን የቀድሞ ታክሲ «ውይይት» ያለው ደግሞ የወንበር አደራደር በሰዎች መካከል ምን እንደሚያደርግ በአንድ ቃል ተናግሯል።

ከእነዚህ የከበዱም አሉ። የጭነት መኪናውን ኢሱዙ «አል ቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» የሚሉት ስሞች የተገኙት ከመንገድ ዳር ነው፤ ከሚሻገር እግረኛ፣ ከብቱን ከሚነዳ ገበሬ። ዳኝነታቸውም ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ሰው አካልና ነፍስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ስም ፍርድ ሊያዛባ ይችላል። ጥፋቱ የደከመ ሾፌር፣ ከልክ ያለፈ ጭነት ወይም የእግረኛ መሄጃ የሌለው መንገድ ሆኖ ሳለ መኪናው ብቻ ይኮነናል። በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸውን ላጡ ወላጆችም ቃሉ የጎዳና ቀልድ መሆኑ ሕመም አለው። ስለዚህ የሕዝብ ስም የምርመራ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ብይን አይደለም። ተመርምሮ ሳይሰማ መቅረቱ ግን የባሰ ጥፋት ነው።

የመንገድ ዳር ዳኝነት ቅርጽን ሊለውጥ እንደሚችል ከሱፐርካሩ ዓለም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሲበሩ ብቅ፣ ሲጠፉ ጥልቅ የሚሉት የፊት መብራቶች፣ በካውንታሽም ላይ የነበሩት፣ በአፍቃሪዎች ዘንድ እስካሁን ይናፈቃሉ። ከፋብሪካ ምርት የወጡት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ አንዱ ምክንያት እግረኛ ሲገጭ ጉዳቱን ለመቀነስ የወጡ ደንቦች ናቸው። በተመልካቹ ናፍቆትና በእግረኛው አጥንት መካከል ሚዛኑ ወደ እግረኛው አጋደለ። ተገቢም ነበር።

በጣና ዳርቻ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሚዛን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ሠሪው ከቀዛፊው ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ነው። የታንኳው አፍንጫ ቀና ማለቱ ያምራል፤ ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ ታንኳ በአድናቆት አይድንም፤ ውኃው ይፈርድበታል። በፋብሪካ ዘመን ሠሪውና ተጠቃሚው ተራርቀዋል፤ ርቀቱን ሊያጠብ የሚችለው የተጠቃሚው ቃል ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ የነገ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት እየመጡ ነው። ፊታቸው አዲስ፣ ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ያስገደደው እግረኛውን አስቦ ነው። ብስክሌት፣ ባጃጅና እግረኛ በአንድ መንገድ በሚጋፉባት ባሕር ዳር ይህ ዝምታ ምን ስም ያወጣ ይሆን?

ውድ ተማሪዎች፤ ስሞቹን መዝግቡ፤ ማን፣ የት ቆሞ፣ ምን ደርሶበት እንዳወጣቸው ጠይቁ። ከመካከላችሁ ነገ ተሽከርካሪ የሚነድፉ ይኖራሉ። ሥዕላችሁን ለአድናቂዎች ከማሳየታችሁ በፊት ልጇን አዝላ መንገድ ለምትሻገር እናት አሳዩ። የምትሰጠው ስም ከምትቀበሉት ሽልማት ይበልጥ ያስተምራችኋል።