በሎም መንደር እንግዳ ሆኖ መሰንበት



የዛሬው ንግግር በኖርዌይ አገር በታላላቅ ተራሮች እግር ሥር ስለምትገኘው ስለ ሎም መንደር፥ ደግሞም እንግዳ ወደዚያ ወርዶ ሲሰነብት ስለሚመለከተው ነገር ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ሎም የሚሄድ ሰው ከኦስሎ ከተማ ተነሥቶ ጉድብራንድስዳል የተባለውን ረጅም ሸለቆ ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣል። ባቡሩ እስከ ኦታ ከተማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በአውቶቡስ ሆኖ ወንዙን እየተከተለ ወደ ምዕራብ ይገባል። ተራሮቹ ግራና ቀኝ እየቀረቡ ይመጣሉ፤ በመካከላቸው አረንጓዴ መስክ፥ የእንጨት ቤቶችና ነጣ ያለ አረንጓዴ ውኃ ይታያል፤ ውኃው እንዲህ የሚመስለው በረዶው ከዐለት ፈጭቶ የሚያወርደውን ልም ደለል ስለሚሸከም ነው።

ይህን ሸለቆ ከላይ ሆኖ ተመልክቶ የተደነቀ እንግዳ ጥንትም ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የአይስላንዱ የታሪክ ጸሓፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን እንደ ተረከው፥ ንጉሥ ኦላፍ ሐራልድሶን በ1021 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ወደዚህ በመጣ ጊዜ ከከፍታው ላይ ቆሞ ወንዙንና በሁለቱም ዳር የሰፈረውን መንደር አየ፤ ይህን የመሰለ ውብ አገር ማቃጠል እንደሚያሳዝን ተናገረ። ለባላገሩም ያቀረበለት ምርጫ ጥምቀትን መቀበል ወይም ቤቱ በእሳት ሲጋይ ማየት ነበር። ወንጌል እንዲህ ባለ አፍ መሰበኩ ለመስማትም የሚከብድ ነው። ንጉሡ ስለ መስኩ እንጂ ስለ ሰዉ ማዘኑን ታሪኩ አይገልጽም፤ መስኩን ውብ ያደረገው ግን ሰዉ ነበረ።

ይህንንም ለመረዳት ጥቂት ቀን መሰንበት ያሻል። እንግዳ ሰው ይህን ሁሉ ልምላሜ አይቶ ዝናም የማያቋርጥበት አገር ይመስለዋል። ነገር ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ርጥብ ነፋስ ዝናሙን በምዕራብ በኩል በተራሮቹ ላይ አራግፎ ስለሚጨርስ፥ ለሎም የሚተርፋት በዓመት 300 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ድርቅ ገብስም ሣርም በራሱ አይበቅልም። ስለዚህ አባቶቻቸው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከተራራው የሚቀልጠውን ውኃ በቦይ፥ ገደል በሚያጋጥምበትም ስፍራ ግንድ ፈልፍለው በሠሩት አሸንዳ፥ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲያወርዱ ኖረዋል። ውኃው የጋራ ስለ ሆነ የሚደርሰው በተራ ነበረ። በላይ ያለው ገበሬ ሰዓቱን ቢያሳልፍ በታች ያለው መስክ ይደርቃል፤ የጎረቤት ከብት በክረምት ይራባል። ዛሬ ውኃው በቧንቧ ሄዶ በመርጫ መሣሪያ ይረጫል፤ ይሁን እንጂ ያለ መስኖ መስኩ መስክ ሆኖ አይቈይም።

እንግዳው በዚያ ሲኖር ሊያውቀው የሚገባ ሥርዐትም ከዚሁ ሣር ይመነጫል። በኖርዌይ ማንም ሰው፥ መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፥ በዱርና በተራራ በእግሩ እንዲመላለስ ከጥንት የተፈቀደ ነው፤ በ1957 የወጣው ሕግም ይህንኑ ልማድ አጽንቶታል። ድንኳን መትከል የሚፈልግ ሰው ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ በአንድ ስፍራም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሁለት ሌሊት በላይ አይሰነብትም፤ ከመንደር ርቆ በከፍተኛው ተራራ ላይ ካልሆነ በቀር። የታረሰውን መሬትና የሣሩን መስክ ግን በበጋ መርገጥ ክልክል ነው። ምድር በበረዶ ስትሸፈን ወይም በውርጭ ስትጠጥር፥ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ፥ በዚያም መሻገር ይቻላል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ብሎ በቁመቱ የደረሰውን ሣር ሰንጥቆ ያልፋል። እርሱ አበባ መስሎት የረገጠው የላሚቱ የጥር ወር ቀለብ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ወግ ቀላል ነው። ጫማ በደጅ ይወልቃል። ከማዕድ የተነሣ ሰው «ታክ ፎር ማተን» ብሎ ስለ ምግቡ ምስጋና ያቀርባል፤ ቀን አልፎ ያንኑ ሰው ዳግመኛ ሲያገኘው ደግሞ ስለ ያለፈው ግንኙነት ያመሰግነዋል። በማዕዱ ላይ መልኩ ቡናማ፥ ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ አይብ አይታጣም። ይኸውም አይብ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አጓት እያፈሉ በማድረቅ የሚሠራ ነው፤ በ1863 በዚሁ በጉድብራንድስዳል አኔ ሆቭ የተባለች ሴት በአጓቱ ላይ ክሬም ጨምራ አወፍራ ከሠራችው ወዲህ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። የዚህ አይብ የቀድሞ መሥሪያው በተራራው ላይ ያለው የበጋ ጐጆ ነው። በጋ ሲገባ ከብቱ ወደ ላይ ይነዳል፤ ሴቶቹም በዚያ ሰንብተው ያልባሉ፥ ቅቤና አይብ ያወጣሉ፤ በታች የቀሩት ደግሞ ለክረምቱ ሣር ያጭዳሉ። ዛሬ እንዲህ ያሉት ጐጆዎች ብዙዎቹ ከብት አይገባባቸውም፤ ያደሩት መንገደኞች ናቸው።

የሎም ሕዝብ 2,200 ገደማ ብቻ ነው። የእርሻው ርስት እንዳይበተን ሕጉ ከልጆች መካከል ለታላቁ ቅድሚያ ይሰጣል፤ በ1974 የወጣውም ሕግ በዚህ ረገድ ሴት ልጅን ከወንድ ጋር አስተካክሏታል። ነገር ግን ሕግ ርስቱን ሊሰጥ ይችላል እንጂ ልብን አያስቀርም። ከ1825 አንሥቶ እስከ 1930 ድረስ 800,000 ያህል ኖርዌያውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዋል፤ ከዚህም ሸለቆ የወጡት ጥቂቶች አይደሉም። ዛሬም ወጣቱ ለትምህርት ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ይመለስ እንደ ሆነ ግን ወላጆቹ ደፍረው አይጠይቁትም።

ከመንደሩ በላይ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ጋልሆፒገን 2,469 ሜትር ሆኖ ይቆማል። በ1850 መጀመሪያ ጫፉ ላይ የደረሱት ሦስት የሎም ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ገበሬ፥ አንዱ መምህር፥ አንዱም የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት ጠባቂ።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ12ኛው መቶ ዓመት የቆመች የእንጨት ሕንፃ ናት። ሕዝቡ በበዛ ጊዜ በ1634 አስረዘሟት፤ በ1663 ደግሞ ክንፍ ጨምረው የመስቀል ቅርጽ ሰጧት። በሌላው ስፍራ ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። በ1851 የወጣው ሕግ ቤተ ክርስቲያን ከደብሩ ሕዝብ ከአሥር ሦስቱን እጅ መያዝ አለበት ስላለ ብዙዎቹ ጥንታውያን ሕንፃዎች ጠበቡ ተብለው ፈረሱ፤ ዛሬ እንዲህ ካሉት በአገሪቱ የቀሩት 28 ብቻ ናቸው። የሎም ሰዎች አስቀድመው ማስፋታቸው ሳይጠቅማት አልቀረም። ንጽሕናዋን አጐደሉ የሚል ሊኖር ይችላል፤ ዳሩ ግን ምእመናን ዛሬም የሚጸልዩት በእርሷ ነው።

በ1973 ወለሉ ተነሥቶ በተቈፈረ ጊዜ፥ በሳንቃው ስንጣቂ የወደቁ ከ2,000 በላይ ሳንቲሞች ተገኙ። ከእነርሱም ጋር ሩን በሚባለው በጥንቱ ፊደል የተቀረጸበት አንድ ቁራጭ እንጨት ወጣ። ሆቫርድ የተባለ ሰው ጉድኒ ለተባለች ሴት የላከው መልእክት ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፥ ኮልበይን የተባለውን ሌላ ሰው የማትፈልግ እንደ ሆነ ለጋብቻ እንደሚጠይቃት ይነግራታል፤ አስባም ፈቃዷን እንድታስታውቀው ይለምናታል።