ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ሸርቆሌ
(በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ2016 ዓ.ም. ስላደረግነው የቤተ ሰብ ጉዞ እንድንናገር በጠየቃችሁን ጊዜ ደስ ብሎን እሺ አልን። ማን ይናገር በሚለው ላይ ግን ባልና ሚስት ጥቂት ተከራከርን። በመጨረሻም አብረን ጻፍነው፤ ስለዚህ የሚነበብላችሁ የሁለታችንም ቃል ነው።

ከእናንተ መካከል የቆያችሁት እንደምታስታውሱት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ሠርተናል፤ አንዳችን በጤና ጣቢያው፥ ሌላችን በትምህርት ቤቱ። ሁለቱም ልጆቻችን የተወለዱት አሶሳ ነው። በእግራቸው ሳይቆሙ በሱዳናውያን እናቶች ጀርባ ላይ ታዝለው ያደጉ ናቸው። ዛሬ ትልልቆች ሆነዋል፤ ያዘሏቸውን ሰዎች ግን በፎቶግራፍ ብቻ ነበር የሚያውቋቸው። ሰዎቹ ሳያልፉ ልጆቹ ይዩአቸው ብለን ጉዞውን አሰብን።

ለማያውቁት ጥቂት እናስረዳ። በጥር 1989 ዓ.ም. በድንበሩ ላይ ያለችው የሱዳኗ ኩርሙክ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ብዙ ሕዝብ ወደ አገራችን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1997 የሸርቆሌ መጠለያ ተከፈተ። ስፍራው ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ቆላ ነው። ቀርከሃውና ማንጎው ብዙ ነው፤ ሙቀቱንስ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም የብሉ ናይል ሰዎች ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። እኛ ቀደም ብለን ወደ አዲስ አበባ ተዛውረን ስለ ነበር ወዳጆቻችን ሁሉ ቤታቸው ገብተዋል እያልን ተጽናናን። ነገር ግን በነሐሴ መጨረሻ 2003 ዓ.ም. በብሉ ናይል ጦርነት እንደ ገና ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ማን የት እንደ ደረሰ አላወቅንም ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ በጥቅምት ነበር። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፊት በነቀምት በኩል በአውቶቡስ ሁለት ቀን እንጓዝ ነበር፤ አሁን ግን በመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት በአውሮፕላን ሄድን። ለአራት ሰው የከፈልነውን ባንነግራችሁ ይሻላል።

የመግቢያ ፈቃዳችንን ይዘን ሸርቆሌ ስንደርስ መጀመሪያ ያገኘናት እኛም ልጆቻችንም ሐቦባ የምንላትን አሮጊት ነው። እርስዋ ከቶ አልተመለሰችም፤ ሌሎቹ በመኪና ሲጫኑ «እኔ ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ፥ ሦስተኛውን ጉልበቴ አይችለውም» ብላ ቀርታ ነበር። ዐይኗ ደክሟል። ልጃችንን በእጇ ፊቱን ዳብሳ፥ «ይህ ባሚያ አልበላም ብሎ የሚያለቅሰው ነው!» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ ከሳቁም በኋላ አለቀስን። በዚያን ሰሞን ለወራት ተቋርጦ የነበረው የስደተኞች የእህል ርዳታ ገና እንደ ገና መሰጠት መጀመሩ ነበር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ርዳታው ሲቆም እንዴት እንደ ኖረች ጠየቅናት። የልጅ ልጆቿ ከአካባቢው የበርታ ሴቶች ጋር ወደ ወንዝ ወርደው ወርቅ ሲያጥቡ እንደ ሰነበቱ ነገረችን። የበርታ ጎረቤቶቿም ከራሳቸው ማሽላ ያካፍሏት ነበር። እነርሱም የተረፋቸው አይደሉም፤ ይህን አይተን ነው የምንናገረው።

ልብስ ሰፊውን ባምባሲ አገኘነው። እርሱ በ1998 ዓ.ም. ሲመለስ ሲንገር መኪናውን በካርቶን ጠቅልሎ ከልጆቹ በፊት የጫነ ሰው ነው፤ ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ አልተወችለትም። በ2003 ዓ.ም. ሲሸሽ መኪናውን ቆፍሮ ቀበረው። «ቦታውን ታውቀዋለህን?» ብንለው፥ ከዛፉ ስንት እርምጃ እንደ ሆነ፥ ከጉድጓዱ ስንት ክንድ እንደ ሆነ፥ ሁሉንም ቆጠረልን። አሁን በእጁ በመርፌ ይሰፋል። ለልጃችን የተቀደደ የኮት ኪስ ሲጠግንላት ስፌቱ ከመኪና ስፌት አይለይም ነበር። ክፍያ ብንሰጠው ተቆጣ።

ሦስተኛው ወዳጃችን መምህሩ ነው፤ ኡስታዝ እንለው ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሰዎች እንደ ገና በኩርሙክ ይሻገሩ ስለ ነበር፥ በጥር ወር ከአሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን እርሱን ፍለጋ ወደዚያ ወረድን። ኩርሙክ አንዲት ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፤ በመካከሏ ድንበር ያልፋል። የድሮውን ፎቶግራፍ ይዘን በመቀበያው ጣቢያ ከድንኳን ወደ ድንኳን ስንዞር በሁለተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ፎቶውን ከእጃችን ነጥቃ፥ «አባቴ ነው» አለች። በፎቶው ላይ በአባቷ ጉልበት የተቀመጠችው ሕፃን እርስዋ ነበረች።

አባቷ ደማዚን ቀርቷል። ቤቱንና መጻሕፍቱን ለማን ልተው ብሎ ልጆቹን ብቻ ላከ። በዚያው ቀን በስልክ አገኘነው። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ቢሆንም የልጆቻችንን ስም በየተራ ጠራ፥ ሒሳብ ያስተማራቸው ይመስል ስንተኛ እንደ ወጡም ጠየቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ በጥር መጨረሻ፥ በሱዳን የስልክ አገልግሎት በብዙ ስፍራ ተቋረጠ።

በጸደይ በአዲስ አበባ የሚኖሩትን ሌሎች ወዳጆቻችንን ጎበኘን፤ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ የሄዱትንም በስልክ አገኘን። ስለ እነርሱ ብዙ አንናገርም፤ ደኅና ናቸው፥ የልጅ ልጅም አይተዋል። ሁሉም የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ኡስታዝን አገኛችሁት?»

ሲንጃ በሰኔ ወር በተያዘች ጊዜ ጦርነቱ ወደ ደማዚን እንደ ቀረበ ሰማን። በዚያ ዓመት በኡራ አዲስ መጠለያ ተከፍቶ ስለ ነበር የኡስታዝ ልጅ ወደዚያ ተዛውራ ነበር። በሐምሌ ደወለችልን። አንድ የጭነት መኪና ነጂ አባቷን በሕይወት እንዳየው፥ በጽሑፍም መልእክት እንዳመጣላት ነገረችን። መልእክቱ ሦስት መስመር ነው። ሁለቱ ለልጆቹ ነው። በሦስተኛው፥ በ1993 ዓ.ም. ከእኛ የተዋሰውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከ አሁን እንዳልጣለው ጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልመጣልንም። ዝናቡ ሲያቆም በኅዳር ወደ ኡራ እንወርዳለን፤ ልጆቻችንም ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀዋል። ልብስ ሰፊው የላከልንን የመርፌና የክር ዝርዝር በስተ ኋላ በጠረጴዛው ላይ አኑረነዋል፤ የክሩን ቁጥር የምታውቁ እኅቶች እባካችሁ እዩልን።