ዋስ ያጣች እናት
(ለማኅበራችን አባላት ከተደረገ ንግግር)



በማለዳ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ የቆመ ሰው፣ ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ ታንኳ አልፎ አልፎ ዛሬም ያጋጥመዋል። ታንኳው ምስማርም ሳንቃም የለውም፤ ከዳርቻው የበቀለ ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆና ተጠፍሮ የተሠራ ነው። ብዙ ሳይቆይ ውኃ ይጠግብና ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ሌላ ይታሰራል። በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ሴቶቻቸውም ከዚያው ደንገል ቅርጫት ይሠራሉ። መነሻ ካፒታላቸው ማጭድ፣ እጅና የባሕሩ ዳርቻ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ያ ዳርቻ ግን ጠቧል። ደንገሉ ለእርሻ ተመንጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭም በሰሜን ምሥራቅ በኩል ብዙ ውኃ ሸፍኗል። ደንገሉን አጭዶ የሚያመጣው አባት የሞተ እንደሆነማ፣ እናትየዋ ያጣችው ሙያዋን ሳይሆን ጥሬ ዕቃውን ነው። የዕለት ገቢዋን ለልጆቿ እራት ስታውል ለነገ ደንገል መግዣ አይተርፋትም። በዱቤ ከወሰደችም የቅርጫቷን ዋጋ የሚተምነው አበዳሪው ይሆናል።

እኛ እንዲህ ያለችውን እናት ስንጎበኝ የምንጠይቀው ስለ ቀለብና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ምን መሥራት እንደምትችል ሳንጠይቅ የተመለስንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2011 በመመሪያ ተፈቅዷል፤ ዘምዘም ባንክም በ2021 ሥራ ጀምሯል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ይሁንና ባንክ መያዣ ይፈልጋል። ለእርሷ የሚቀርባት እቁብ ነው። እቁብ ወለድ የለበትም፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ከባልንጀሮቹ ተበድሮ በየሳምንቱ እንደሚመልስ ይቆጠራል። ከመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች አንዱ ቢደርሳት፣ ዋጋው ሲረክስ ብዙ ደንገል ገዝታ ባስቀመጠች ነበር።

ነገር ግን ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚረከበው ዋስ ሲያቀርብ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ባለ ሀብት ዘመድ የሌላት ሴት ማንን ትጥራ? እንዲህ ያለችው እናት ወይ ከእቁቡ ጭራሽ አትገባም፤ ወይም ዕጣዋ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ትስማማለች።

ዛሬ የምንጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም፤ ዘካውና ሰደቃው በቦታው አለ። በየሰፈራችሁ እቁብ ዘንድ ስማችሁ የታመነ ነው። ለአንዲት የየቲሞች እናት ዋስ ለመሆን የፈቀደ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። መክፈል ቢያቅታት የሚጠየቀው እርሱ መሆኑንም አስቀድሞ ይወቅ።