የልብ ምት መቅረጫ መሣሪያና ዒባዳችን

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዲት እናት ከመስጂዱ በር ላይ አስቆሙኝ። ሐኪም ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጥፎ ለሁለት ቀን እንዳያወልቁትና ውኃ እንዳያስነኩት አዟቸዋል። «ልጄ፣ ሶላቴ እንዴት ሊሆን ነው? ሶላቴ ከሚበላሽስ ምርመራው ይቅርብኝ» አሉኝ። ለእርሳቸው እዚያው መልስ ሰጠኋቸው። ይሁንና ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው፤ በእኔም ላይ ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ላቀርበው ወደድኩ።

መሣሪያው ሆልተር ይባላል። ስሙን ያገኘው ኖርማን ሆልተር ከተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያውን ሲሞክር 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ በጀርባ መሸከም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ መዳፍ የማያክል ሆኖ በወገብ ወይም በአንገት ይንጠለጠላል። ክሊኒክ ውስጥ አልጋ ላይ አስተኝተው የሚያነሱን የተለመደው ኢሲጂ የልባችንን ሁኔታ የሚያየው ለዐሥር ሴኮንድ ያህል ነው። ልብ ደግሞ በአንድ ቀንና ሌሊት ወደ 100,000 ጊዜ ትመታለች። አንዳንዱ ሕመም ሌሊት መጥቶ ጠዋት ይሄዳል፤ ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ ልባችን ምንም እንዳላደረገች ጸጥ ትላለች። ለዚህ ነው መሣሪያው ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አብሮን እንዲውልና እንዲያድር የሚደረገው። ወደ ሰውነታችን ኤሌክትሪክ አይልክም፤ የልባችንን ምት ይከታተላል እንጂ። ጾምንም አያስፈጥርም።

ከዓመት በፊት ተራዊሕ ሳሰግድ ልቤ ድንገት ተርገበገበች፤ ዓይኔም ጨለመ። ከሱጁድ ቀና ለማለት ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ ሲደጋገም ባለቤቴ ነቃችብኝና «ለሰው ታከሙ እያልክ ትሰብካለህ፣ የራስህን ትደብቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኢሲጂው ምንም አላሳየም፤ ሆልተር ታዘዘልኝ።

ሐሙስ ቀን ተለጠፈልኝ። በማግሥቱ ጁሙዓ ነው። ኢማም ሆኜ ሳልታጠብ ሚንበር ላይ ልወጣ ነው? አልኩና ሽቦዎቹን ነቅዬ ታጠብኩ፤ ከዚያም በፕላስተር መልሼ ለጣጠፍኳቸው። መሣሪያውን ስመልስ ባለሙያዋ ከጁሙዓ ጠዋት ወዲህ የተቀረጸው ዝብርቅርቅ ያለ መሥመር ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ገንዘቤ ባከነ፣ ወረፋውም እንደ አዲስ ተጀመረ። አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ልወድቅ ደርሻለሁ፤ አንደኛው የመስጂዱ ደረጃ ላይ ነበር፤ ሙአዚናችን ባይዘኝ ኖሮ አላህ ያውቃል።

የጁሙዓ ትጥበት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የጠነከረች ሱና እንጂ ፈርድ አይደለችም። ይህንን ለደረሶቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! አቡ ዳውድ ከጃቢር የዘገቡትን ታሪክም አስተምሬአለሁ። አንድ ሶሓባ በጉዞ ላይ ድንጋይ መትቶት ራሱ ቆሰለ። ሌሊት ጀናባ ሆነና ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። ውኃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ሲነገራቸው ሰዎቹን በብርቱ ወቀሱ፤ ካላወቁ መጠየቅ ነበረባቸውና። እኔ ጠያቂም ሙፍቲም ራሴ ሆኜ ነው በራሴ ላይ የፈረድኩት።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። ውዱእን በተመለከተ የሚያሳስብ ነገር የለም። ደረት የውዱእ አካል አይደለም፤ ውኃ በክንድ በኩል ወደ ውስጥ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ጥያቄ የሚነሣው ግዴታ በሆነው ትጥበት፣ ማለትም በጀናባና በሐይድ ላይ ነው። ጤነኛው አካል ይታጠባል፤ የተለጠፈው ቦታ ላይ እንደ ቁስል ፋሻ በእርጥብ እጅ ይታበሳል። በሻፍዒይ መዝሀብ ተየሙም ይታከልበታል። ማበሱም መሣሪያውን የሚያበላሽ ከሆነ ለዚያ ቦታ ተየሙም ይደረጋል። ሻፍዒዮች የሚለጠፈው ነገር በጦሃራ ላይ ሆኖ እንዲለጠፍ ስለሚሹ፣ ከሁሉ የሚሻለው ወደ ክሊኒክ ከመሄድ በፊት መታጠብ ነው። ነርሶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ታጥባችሁ ኑ፣ ደረታችሁን ቅባት አትቀቡ፤ ቅባት ካለ አይጣበቅም።

እህቶች ሴት ባለሙያ እንድትለጥፍላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ካልተገኘች መሕረም ባለበት ለሕክምናው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ መገለጥ ይፈቀዳል። በዚህ ምክንያት ምርመራ የተዉ እናቶች ስላሉ ነው ማንሣቴ።

ሶላት ላይ ሳጥኑ በሱጁድ ጊዜ ሆድን እንዳይጫን ወደ ጎን ማዞር በቂ ነው። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው የተለመደውን ቀናችንን ነውና መስጂድ መሄድም፣ ሥራ መዋልም አይቀርም። በእርግጥ ከተማችን ውስጥ በየበሩ ፍተሻ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ ጥበቃው ከጀለቢያዬ ሥር ሽቦ ሲዳስስ እጁ ደርቆ ቀረ። ከሐኪሙ የተሰጠኝን ወረቀት ሳሳየው «ሼሁ፣ አላህ ይማርዎት» ብሎ አሳለፈኝ። ወረቀቷን ኪሳችሁ ውስጥ አትርሱ። ራስ የሚያዞረው ሰው ደግሞ ተቀምጦ ይስገድ፤ ካልቻለ በጎኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታመሙት ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን የፈቀዱት ነው።

ከመሣሪያው ጋር ስሜታችንንና ሰዓቱን የምንጽፍበት ወረቀት ይሰጣል። እዚህ ላይ በሁለተኛውም ጊዜ ተሳስቻለሁ። «9 ሰዓት ላይ ለተሀጁድ ስነሣ ልቤ ሮጠች» ብዬ ጻፍኩ። የመሣሪያው ሰዓት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእርሱ 9 ማለት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ባለሙያዋ ጠዋቱን ብትመለከት ምንም የለም። ኋላ «ይህ በሐበሻ ሰዓት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ሌሊቱ ስትመለስ የልቤ የላይኛው ክፍል ምት ተዛብቶ አገኘችው። ይህ ዓይነቱ መዛባት ደም እንዲረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ እንዲያደርግ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ በመድኃኒት ላይ ነኝ።

እኒያ እናት መሣሪያውን ትናንት መለሱ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ወረቀቱን የሞላችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። እርሳቸው «ከዐስር ትንሽ ቀደም ብሎ»፣ «ሱብሒ አዛን ሲል» እያሉ ይነግሯታል፤ እርሷ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የሶላት ሰሌዳ ሰዓቱን እያየች ትጽፋለች። ባለሙያዋ እንዲህ የተሟላ ወረቀት ብዙም እንደማይመጣላት ነግራቸዋለች አሉ።